ስለ መዋኛው መቃብሩን የሰጡት ወይዘሮ ኔልቼ ቦንተኩ

ወይዘሮ ኔልቼ ቦንተኩ ከአባታቸው ከአቶ ማርተን ክላይወግ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፕሉንቼ ሆፍላንድ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1941 በኖርደርቬን ተወለዱ። የትውልድ ቦታቸው ኖርደርቬን ተብሎ ተመዝግቧል፤ የሞቱበት ቦታ ደግሞ ሚደልዋርድ ተብሎ ይመዘገባል። ሰው ሲያነበው ራቅ ወዳለ አገር ሄደው የሞቱ ይመስለዋል። የሞቱት ግን ከተወለዱበት ቤት ጥቂት በሮች አለፍ ብሎ፣ በዚያው መንገድ ላይ ነው። እሳቸው ባሉበት ነበሩ፤ የሄደው የአገሩ ስም ነው።

አባታቸው በመስታወት ቤት ውስጥ ቲማቲምና ኪያር የሚያለሙ ታታሪ ሰው ነበሩ። በጦርነቱ የመጨረሻ ክረምት ምግብ ጠፍቶ ቤተሰቡ የቱሊፕ ሥር ቀቅሎ በልቷል። ወይዘሮ ኔልቼ ያኔ ገና ሕፃን ነበሩ፤ ጣዕሙ ግን ከአፌ አልወጣም ይሉ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ቱሊፕ ቤታቸው አላስገቡም። ይህን የማያውቅ እንግዳ አበባውን ታቅፎ ሲመጣ በደንብ አመስግነው ይቀበሉና፣ ሰውየው ከመንገዱ ማዶ ሳይደርስ ለጎረቤት ይሰጡት ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በኖርደርቬን የፕሮቴስታንት ትምህርት ቤት ገብተው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። በመጀመሪያው ቀን ከዲርክዬ ስፓንስ ጋር በአንድ ወንበር ተቀመጡ። ሁለቱ ስለሚያወሩ መምህሩ ሊለያዩአቸው ብዙ ጊዜ ሞክረው በመጨረሻ ተዉአቸው። ቦዩ በረዶ ሲሠራ ሁለቱ አንድ ሻርፕ ይዘው፣ አንዷ ስትወድቅ ሌላዋን እየጎተተች፣ እስኪመሽ ይንሸራተቱ ነበር። በኖርደርቬን ኔልቼ ያለችበት ዲርክዬ አለች ይባል ነበር። ይህንን አስቀድመን የምንናገረው በኋላ የሆነው ነገር ምን ያህል እንደከበደ እንዲታወቅ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኖርደርቬን ስላልነበረ ቦዩን ተሻግረው በሃስልዳም የቤት አያያዝ ትምህርት ቤት ተማሩ። ሃስልዳም ካቶሊክ ነበረች። እኛ እነሱን ሻማ ላሾች፣ እነሱ እኛን ጥቁር ካልሲዎች እያልን ነው ያደግነው። በመካከላችን ያለው ቦይ አንድ ጎረምሳ በደህና ምርኩዝ የሚዘለው ነው፤ ግን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ሙሽራ ተሻግሮ አያውቅም ማለት ይቻላል። ወይዘሮ ኔልቼ ድልድዩን በብስክሌት ሲያልፉ ኖል ፋን ዴር ዛልም የተባለ የሃስልዳም ልጅ ሻርፓቸውን ነጥቆ ውኃ ውስጥ ጣለባቸው። አቶ ኖል በኋላ የሃስልዳም ምክትል ከንቲባ ሆነው ከወይዘሮ ኔልቼ ጋር ብዙ ዓመት ጠረጴዛ ተጋርተዋል፤ ሻርፑን እኔ አልጣልኩም እንዳሉ ነው የሞቱት። ወይዘሮ ኔልቼም አላመኗቸውም።

ትምህርታቸውን ጨርሰው እ.ኤ.አ. በ1958 በኖርደርቬን ማዘጋጃ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። ሥራቸው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መተየብ ነበር። ወንዶቹ በአንድ ቀን ያወሩትን እሳቸው በሦስት ቀን ይተይቡት ነበር። ይህን ሁሉ የሚሉት አንድ የመንገድ መብራት ለመትከል ነው ብለው ለእናታቸው ሲነግሯቸው፣ እናታቸው “አንቺ እዚያ ብትቀመጪ ቶሎ ያልቅ ነበር” አሏቸው። ወይዘሮ ፕሉንቼ ትንቢት የሚናገሩ ሴት አልነበሩም፤ በዚህም ቢሆን ተሳስተዋል። ወይዘሮ ኔልቼ ሲገቡበት ስብሰባው አላጠረም።

እ.ኤ.አ. በ1963 ክረምት፣ ውኃው ሁሉ ድንጋይ በሆነበት ወቅት፣ በበረዶው ላይ ከአቶ ሌንደርት ቦንተኩ ጋር ተዋወቁ። አቶ ሌንደርት ለመስታወት ቤቶች መስታወት የሚገጥሙ ባለሙያ ነበሩ። ከሦስት ሰው በላይ የተሰበሰበበት ቦታ አይወዱም፤ ሰው ሲበዛ መስታወት ይሰበራል ይሉ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሜይ ወር በኖርደርቬን ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ሴት ልጃቸው አኔሚክ በ1966፣ ወንድ ልጃቸው ቴውን በ1969 ተወለዱ። ዲርክዬም የወተት ነጋዴውን አቶ አሪ ስሎብን አግብተው ከጎናቸው፣ በሦስተኛው ቤት ገቡ። ከብዙ ዓመት ጸሎት በኋላ አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ያንቼ አሏት።

ያንቼ እ.ኤ.አ. በ1974 ሜይ ወር ከቤታቸው ጀርባ ካለው ቦይ ወደቀች። አምስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ጮኸው ሲሮጡ ወይዘሮ ኔልቼም የሚያሰጡትን ልብስ ጥለው ሮጡ። ሁለቱም ዋና አይችሉም ነበር። በዚያ ዘመን እዚህ ሰፈር ዋና የሚችል ሴት ማግኘት ከባድ ነበር፤ ቤታችን ሁሉ በውኃ ተከቦ ሳለ። ሁለቱ እናቶች ዳር ላይ ቆመው እጃቸውን ወደ ውኃው እንደዘረጉ፣ አቶ ሌንደርት ከሚሠሩበት ጣሪያ ወርደው፣ ሮጠው፣ ገብተው አወጧት። ረፍዶ ነበር። ያንቼ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ በኖርደርቬን መካነ መቃብር ተቀበረች።

ወይዘሮ ኔልቼ ፖለቲካ ውስጥ የገቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ለምክር ቤት ተመረጡ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቁት፤ የኖርደርቬን ልጆች ዋና የሚማሩበት መዋኛ። የመንገድ ጉዳይ ሲነሳ መዋኛ፣ የቆሻሻ ጉዳይ ሲነሳ መዋኛ ይሉ ነበር። ባልደረቦቻቸው ሲያዩአቸው ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሰልችቷቸው ሠሩት። ወይዘሮ ኔልቼ በአርባ ሁለት ዓመታቸው፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፈው፣ ክንዳቸው ላይ የሚነፋ ጎማ አስረው ዋና ተማሩ። የምስክር ወረቀታቸውን በመስታወት አስገጥመው መጸዳጃ ቤት፣ እኛ አገር የዘመድ ልደት ተጽፎበት እዚያ ከሚሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ጎን ሰቀሉት። ከዚያ ዓመት ወዲህ በኖርደርቬን ቦይ ውስጥ ሕፃን ሰምጦ አልሞተም። ይህ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢረሳ እንዲቀር የምንፈልገው ዓረፍተ ነገር ነው።

በ1986 የኖርደርቬን ምክትል ከንቲባ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ስብሰባ ነው። ሰኞ ስብሰባ፣ ማክሰኞ የሰኞው ስብሰባ ስብሰባ። አቶ ሌንደርት ቀድመው ይተኙና የወጥ ቤቱን መብራት ሳያጠፉ ይተዉላቸዋል። የበሩን ድምፅ ሲሰሙ ከአልጋቸው ሆነው “አለቀ?” ይላሉ። ወይዘሮ ኔልቼም ጫማቸውን እያወለቁ “አለቀ” ይላሉ። መብራቱ ይጠፋል። ልጆቻቸው በዚህ ንግግር ነው ያደጉት፤ በዚያ ቤት “እወድሃለሁ” ማለት እንደዚህ ነበር የሚባለው።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ኖርደርቬንና ሃስልዳም ተዋሕደው አንድ ማዘጋጃ ቤት እንዲሆኑ ከበላይ ተወሰነ። ወይዘሮ ኔልቼ ውሕደቱን አልወደዱትም፤ መቼም ካልቀረ ግን ከውጭ ሆኖ ከመሳደብ ገብቶ መሥራት ይሻላል ብለው ገቡ። በስሙ ብቻ ዓመት ተከራከሩ። የማንም ስም ሳይሆን፣ በሁለቱ መካከል ካለው የላም ሜዳ ስም ሚደልዋርድ ተባለ። ማዘጋጃ ቤቱን ማንም ወደ ማንም አልሄድም ስላለ እዚያው ሜዳ ላይ ተሠራ። ዛሬም ከማዘጋጃ ቤቱ በእግር የሚደርሱት ላሞቹ ብቻ ናቸው። ወይዘሮ ኔልቼና አቶ ኖል የአዲሱ ማዘጋጃ ቤት ምክትል ከንቲባዎች ሆነው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

በኖቬምበር 2003 አቶ ሌንደርት በድንገተኛ የልብ ሕመም አረፉ። በኖርደርቬን መካነ መቃብር፣ ከያንቼ ሁለት ረድፍ አለፍ ብሎ ተቀበሩ። መቃብሩ እንደ አገራችን ልማድ ጥልቅ ተደርጎ ተቆፈረ፤ ከታች ባል፣ ከላይ ሚስት። ወይዘሮ ኔልቼ ከቀብሩ ሲመለሱ ለልጆቻቸው “ቦታዬን አየሁት፤ ደህና ነው” አሏቸው። ከዚያ በኋላ ከስብሰባ ሲመጡ የወጥ ቤቱ መብራት ጠፍቶ ይጠብቃቸው ጀመር። አምፖሉን ራሳቸው አብርተው መሄድ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም።

እ.ኤ.አ. በ2005 የሆነው ሳይሸፋፈን እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ምክር ቤቱ ስለ አገልግሎት መስጫዎች ተሰብስቦ ነበር። የሃስልዳም መካነ መቃብር ሞልቶ በሜዳው ላይ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ፣ አዲስ ተዘጋጅቷል። ሃስልዳም ደግሞ የራሷ መዋኛ አላት። አቶ ኖል በመነጽራቸው ላይ ቀና ብለው፦

“ለአንድ ማዘጋጃ ቤት ሁለት መዋኛ ምን ያደርጋል? የእናንተ ይዘጋ” አሉ።

“ልጆቹስ?” አሉ ወይዘሮ ኔልቼ።

“አውቶቡስ አለ።”

“አምስት ዓመት የሆነው ልጅ በአውቶቡስ?”

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ፣ ቡናው ሁለተኛ ተቀድቶ፣ ከቡናው ጋር የሚታደለው አንድ አንድ ብስኩትም ካለቀ በኋላ፣ አቶ ኖል “እሺ፤ መዋኛችሁን ያዙት። ግን እናንተም አንድ ነገር ስጡ። የእኛ ሙታን ሜዳ ላይ ሊገቡ ነው፤ የእናንተም እንደኛው ይግቡ። የጓሮው መቃብር ይዘጋ፤ ለማንም፣ በማንም ላይ፣ እንዳይከፈት” አሉ። ሁለቱም ጉዳይ በዕለቱ አጀንዳ ላይ በአንድ ርዕስ ሥር ስለነበሩ ለማንም እንግዳ ነገር አልመሰለውም። አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መቀበል፣ ማንም ሳይከፋ ማንም ሳይደሰት መውጣት፤ እኛ አገር የምንመራው እንደዚህ ነው። ድምፁ እኩል ሲሆን የቀረው የወይዘሮ ኔልቼ እጅ ብቻ ነበር። እጃቸውን አወጡ። የአቶ ሌንደርትን መቃብር የላይኛውን ቦታ በዚያች እጅ እንደዘጉት ያውቁ ነበር። ስለ ሌሎች ግን ያላሰቡት ነገር ነበር፤ የያንቼ አባትና እናትም የት እንደሚገቡ በዚያ ምሽት አላሰቡም።

አቶ አሪ ስሎብ እ.ኤ.አ. በ2009 አረፉ። ወይዘሮ ዲርክዬ ወደ ጎረቤታቸው ቤት አልሄዱም። በአውቶቡስ ተሳፍረው ሜዳው ድረስ ሄዱና ተራ ይዘው ተቀመጡ። ሲገቡም፦

“ወይዘሮ ምክትል ከንቲባ፣ አሪን ከልጄ ጋር ልቅበር” አሉ።

“ዲርክዬ፣ ምነው? ቤት አትመጪም ነበር?”

“የምለምነው ማዘጋጃ ቤቱን ነው።”

“ለአንቺ ከፈቀድኩ ለሁሉም ልፈቅድ ነው። ውሉ ይፈርሳል፤ መዋኛው በማግስቱ ይዘጋል። ታውቂያለሽ።”

“መዋኛውን ለያንቼ ብዬ ነው የሠራሁት ስትይ ኖረሻል። ያንቼ ያለችው ጓሮው ውስጥ ነው። አባቷን ነው የምለምንሽ።”

ወይዘሮ ኔልቼ አልችልም አሉ። ወይዘሮ ዲርክዬ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። አቶ አሪ ሜዳው ላይ አልገባም ብለው ነበርና አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ በሸክላ ዕቃ ተደርጎ ለባለቤታቸው ተሰጠ። ወይዘሮ ዲርክዬም ዕቃውን በፊት ለፊቱ መስኮት፣ በአበባ ማሰሮዎቹ መካከል አስቀመጡት። እንደሚታወቀው እኛ ዘንድ መጋረጃ አይዘጋም። ወይዘሮ ኔልቼ ለዳቦ በወጡ በገቡ ቁጥር አቶ አሪን ያዩአቸው ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም። የቆሻሻ መጣያቸውን በአንድ ጠዋት መንገድ ዳር ሲያወጡ እንኳ፣ አንዷ የሌላዋን በር መዘጋት ጠብቃ ነበር የምትወጣው።

በማግስቱ ዓመት ወይዘሮ ኔልቼ ከሥራ ተሰናበቱ። የክብር ሜዳልያ ተሰጣቸው፤ መሳቢያ ውስጥ ከባትሪና ከክር ጋር ነው ያገኘነው። በጡረታ ዘመናቸው በሳምንት ሁለት ቀን መዋኛው ሄደው፣ ዳር ላይ ተቀምጠው፣ ሕፃናቱን ያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ምክር ቤቱ ጣሪያው አርጅቷል፣ ማሞቂያውም ብዙ ይበላል ብሎ መዋኛውን ዘጋው። ውሉን የተዋዋሉት ሰዎች ምክር ቤቱ ውስጥ አልነበሩም፤ ውል እንደነበረ ያወቀም አልነበረም። መቃብሩን ግን ማንም መልሶ የከፈተው የለም። በዚያ ዕለት ወይዘሮ ኔልቼ ቤታቸው ገብተው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ተቀመጡ። ልጃቸው አኔሚክ ስታገኛቸው “ሁለቱንም አጣሁ” አሉ። የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ድል ድሉን ማንሳት ልማድ ነው፤ እኛ ግን ያን ቀን ካልጠቀስን እሳቸውን አልጻፍናቸውም።

በሜዳው መካነ መቃብር ሁለት ክፍል አለ፤ በአጥር ተክል የተለየ። በአንዱ የሃስልዳም ሰዎች በረድፍ በረድፍ ተኝተዋል፤ አቶ ኖልም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እዚያው ናቸው። በሌላው፣ ለኖርደርቬን በተከለለው፣ አንድ ሰው የለም። ኖርደርቬን እልኸኛ ናት፤ ግማሹ አስከሬኑን አቃጥሉት ይላል፣ ግማሹ የአክስት ልጅ ፈልጎ በሌላ ማዘጋጃ ቤት ይቀበራል። ሣሩ ይታጨዳል፣ አግዳሚ ወንበሩ ቀለም ይቀባል፣ ዝይ ይሰማራበታል።

ወይዘሮ ኔልቼ ባለፈው ዓመት የጣፊያ ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሙ ሲነግራቸው “ስንት ስብሰባ ቀረኝ?” ብለው ሐኪሙን አስደነገጡት። ሕክምናውን ጥቂት ሞክረው ደከመኝ ብለው አቆሙ። የታመሙ መሆናቸው ሲሰማ ወጣቱ ከንቲባ ኬክ ይዞ ቤታቸው መጣ። ምክር ቤቱ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ ለውለታቸው መታሰቢያ፣ የጓሮው መቃብር እንዲከፈትና ከባለቤታቸው ጋር እንዲያርፉ በሙሉ ድምፅ ወስኗል አላቸው።

“ወይዘሮ ቦንተኩ፣ ለእርስዎ እጁን ያላወጣ የለም። ሃስልዳሞች ሳይቀሩ!”

ወይዘሮ ኔልቼ አመሰገኑ፤ ላስብበት አሉ። ከንቲባው ከወጣ በኋላ አለቀሱ። ሲያለቅሱ ልጆቻቸው ያዩአቸው በአቶ ሌንደርት ቀብር ጊዜ ብቻ ነበር። እዚያ መግባት ይፈልጉ ነበር፤ በዓለም ላይ የቀራቸው ፍላጎት እሱ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ማርች ላይ፣ በሰማንያ ሁለተኛው ልደታቸው፣ ሁላችንም በወንበር ክብ ሠርተን ተቀምጠን ኬካችንን ይዘን ሳለ ደወል ተደወለ። ወይዘሮ ዲርክዬ ነበሩ። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እንደ ወጉ ከዳር እስከ ዳር እያንዳንዳችንን እየጨበጡ እንኳን አደረሳችሁ አሉና ከባለ ልደቷ ጎን ተቀመጡ። ኬካቸውን አልነኩትም።

“ሰማሁ” አሉ። “ጓሮው ሊከፈትልሽ ነው አሉ።”

“እሺ አላልኩም።”

“እሺ በይ እንጂ፤ ምን ትጠብቂያለሽ? ሌንደርት ሃያ ዓመት ብቻውን ተኛ።”

“አሪስ?”

“አሪ መስኮት ላይ ነው። ፀሐይ ይሞቃል።”

“እኔ ነኝ እዚያ ያስቀመጥኩት።”

“አንቺ ነሽ” አሉ ወይዘሮ ዲርክዬ፤ ሊያለሳልሱት አልፈለጉም። “ልጣላሽ አይደለም የመጣሁት፤ ደክሞኛል። አንቺ ከገባሽ ለያንቼ ሁለት ረድፍ ላይ የሚያውቃት ሰው ይኖራል። ሌንደርት ጥሩ ሰው ነው፤ ግን አያወራም። አንቺ ታወሪያታለሽ። ይህን ልለምንሽ ነው የመጣሁት።”

በክቡ የተቀመጠው ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ። ወይዘሮ ኔልቼ የጓደኛቸውን እጅ ያዙ። ከዚያ “ቴውን፣ ከንቲባውን ነገ ጥራልኝ” አሉ።

ከንቲባው መጣ። ወይዘሮ ኔልቼ ፈቃዱን እቀበላለሁ፣ ግን ለራሴ አይደለም፤ ያንቼ ለተቀበረችበት መቃብር ይሁን አሉት።

“ወይዘሮ ቦንተኩ፣ አንድ ብቻ ነው የተፈቀደው። ሁለት ካደረግነው ነገ ሃያ ሰው በር ላይ ነው።”

“አንድ ነው እኮ ያልኩህ፣ ልጄ። የእኔ ይቅርና የእነሱ ይከፈት። አሪ አሁን ይግባ፤ ዲርክዬም ቀኗ ሲደርስ ከእሱና ከልጇ ጋር ትግባ።”

“እርስዎስ?”

“እኔ ሜዳ እገባለሁ። ማን ነው ውሉን የተዋዋለው?”

ምክር ቤቱ በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተሰበሰበ፤ ሳይሰበሰብ እንዴት ይሆናል። በሁለተኛው ተስማማ። የወይዘሮ ኔልቼ የመጨረሻ ድርድር ይህ ነበር፤ ከሁሉም ውድ ያስከፈላቸውም ይኸው ነው።

ልጆቻቸው አልተዋጠላቸውም። ቴውን አባታችንን አስወጥተን ሜዳው ላይ ከእርስዎ ጋር እናሳርፋቸው ብሎ ሲጠይቅ “ሌንደርትን? ከማዘጋጃ ቤት ጀርባ? በሕይወቱ አንድ ቀን ያልረገጠውን? ተው፣ ይተኛበት” አሉ። አኔሚክ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጣ “አባዬ ሃያ ዓመት ጠበቀሽ እኮ፣ እማዬ” ብላ አለቀሰች። ወይዘሮ ኔልቼም ጸጉሯን እየነካኩ “አባትሽ እኔን መጠበቅ ለምዶታል” አሏት።

በጁን ወር፣ ከጠዋቱ ጭጋግ በኋላ፣ የአቶ አሪ አመድ በያንቼ መቃብር ውስጥ ተቀመጠ። ወይዘሮ ኔልቼ በተሽከርካሪ ወንበር ተገኝተዋል። ጸሎቱ እንዳበቃ ወይዘሮ ዲርክዬ ወንበሩን ከአኔሚክ እጅ ተቀበሉና በጠጠሩ ላይ እየገፉ፣ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው እያለከለኩ፣ ሁለቱን ረድፍ አሳልፈው ከአቶ ሌንደርት ዘንድ አደረሷቸው። ከዚያ ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ወይዘሮ ኔልቼ እዚያ ምን እንዳሉ አንዳችንም አልሰማንም።

ወይዘሮ ኔልቼ ቦንተኩ በቤተሰባቸውና በሐኪሞቻቸው ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2023 በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። በመጨረሻው ሳምንት ወይዘሮ ዲርክዬ በየቀኑ ከሰዓት እየመጡ ከአልጋቸው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ብዙ አያወሩም ነበር፤ የአሥራ አራት ዓመቱን ወሬ ከየት እንደሚጀምሩት የጠፋቸው ይመስል ነበር። ወይዘሮ ኔልቼ የሁለት ልጆች እናት፣ የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ፤ የልጅ ልጆቻቸው ሁሉ ዋና ያውቃሉ። ከልጆቻቸው ከአኔሚክና ከቴውን ቀጥሎ የሐዘኑ ባለቤት ሆነው የሚቀመጡት ወይዘሮ ዲርክዬ ስሎብ መሆናቸውን ቤተሰቡ በአንድ ቃል ወስኗል፤ ስብሰባ አላስፈለገም።

የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ዛሬ በሜዳው መካነ መቃብር፣ በኖርደርቬን ክፍል ይፈጸማል። በዚያ ክፍል የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው። ከአጥሩ ማዶ በቅርብ የተኙት አቶ ኖል ፋን ዴር ዛልም ናቸው፤ የሻርፑ ነገር እንግዲህ በሁለቱ መካከል ይለቅ። ከቀብር በኋላ ቡናና ኬክ በማዘጋጃ ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ተዘጋጅቷል፤ በዚህ የሚስቅ ቢኖር እሳቸውም ስቀውበታል። የኖርደርቬን ሰዎች ሆይ፣ አደራ፤ ብቻቸውን አትተዉአቸው።

አቶ ሌንደርት በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ እንደተኙ ናቸው፤ በላያቸው ያለው ቦታ ባዶ እንደሆነ ይኖራል። ዛሬም እንደ ልማዳቸው “አለቀ?” ብለው ሳይጠይቁ አይቀሩም። አልቋል፣ አቶ ሌንደርት። መብራቱን አጥፍተው ይተኙ፤ ዛሬ ወይዘሮ ኔልቼ ወደ ቤት አይመጡም። ለሁለቱም በየተኙበት፣ ድካማቸውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ዕረፍቱን ይስጥልን።